በአንድ በደል ሁለት ፍርድ

በዮሐንስ ወንጌል በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የአመንዝራዪቱን ታሪክ የሚያነብ ሰው ስለ ተደረገላት ምሕረት ያደንቃል፤ አብሯት የበደለው ወንድ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የኦሪት ሕግ በዘሌዋውያን በ20ኛው ምዕራፍ በሁለቱም ላይ አንድ ፍርድ ሲያዝዝ፥ ከሳሾቹ ወደ አደባባይ ያመጡት ሴቲቱን ብቻ ነበረ። እንግዲህ ያን ጊዜ ጉድለቱ ሕጉን በያዘው እጅ እንጂ በሕጉ አልነበረም።

ጉድለቱ ከሕጉ ከራሱ የመጣበትም ዘመን አለ። በእንግሊዝ አገር ባልዋን የገደለች ሴት ጌታውን እንደ ከዳ ሎሌ ትቈጠር ነበርና ቅጣትዋ በእሳት መቃጠል ነበረ፤ ሚስቱን የገደለ ባል ግን እንደ ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ይሰቀል ነበር። ሴትን የማቃጠል ቅጣት የቀረው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1790፥ ይህ የክሕደት ወንጀል ራሱ የተሻረው በ1828 ነው።

ዛሬ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያዘነበለበት ስፍራ ይገኛል። በአሜሪካ በ1984 የወጣው ሕግ የፌዴራል ቅጣት መመሪያ ወንድና ሴትን እንዳይለይ አዘዘ። ዳሩ ግን የሕግ መምህርቷ ሶንያ ስታር በ2012 ባወጣችው ጥናት፥ በተመሳሳይ ነገር ተይዘው ከቀረቡት መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ በአማካይ ከመቶ 60 በሚበልጥ የረዘመ እስራት እንደሚፈረድባቸው አሳየች።

እንግዲህ ልዩነት ሁሉ ግፍ ነውን? አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በቍጥር 119 የሞት ቅጣት በነፍሰ ጡር ላይ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ይህም በማኅፀን ያለው ሕፃን ምንም ሳይበድል እንዳይሞት ስለሆነ እውነተኛ ፍርድ ነው። ነገር ግን የምሕረቱ ምክንያት ልጅ ከሆነ፥ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ብቻውን የሚያሳድግ አባት በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ ይኸው ምክንያት ሊታሰብለት ይገባል። ለእናቲቱ ተነግሮ ለአባቱ ዝም የሚባልለት ከሆነ፥ የታዘነው ለልጁ አይደለም።

ስለዚህ ዳኛ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ ይህች ሴት ወንድ ብትሆን፥ ይህም ወንድ ሴት ቢሆን፥ ፍርዱ ይለወጥ ነበርን? ቢለወጥስ ምክንያቱን በአደባባይ ለመናገር ይደፍራልን? ሊናገረው የሚያፍርበት ምክንያት ካለ፥ ፍርዱን ገና አልጨረሰም።