የሐርላ አንጥረኞች

የሐረር ሚኒባስ ከድሬዳዋ ወጥቶ ዳገቱን ሲጀምር የተሳፋሪው ልብ ወደ ደንገጎ ጠመዝማዛ ይሄዳል። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ “ወራጅ አለ” የሚል ሰው ጥቂት ነው። እኔ የመጣሁት ሐርላን ለማየት ነበርና ከተራራው ግርጌ ወረድኩ።

መንደሩ በማሽላና በጫት ማሳ የተከበበ ነው። በየቦታው የድሮ ካብ ይታያል፤ ድንጋዮቹ በሰው ጉልበት የተነሱ አይመስሉም። የአገሩ ሰው ይህን የሠሩት ግዙፋን ናቸው ይላል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ታሪክ ነው። መንገድ ያሳየኝ ወጣት በኦሮምኛ ሰላም ያላቸው አንድ አዛውንት፣ ሰላምታው ሳያልቅ “ወርቅ ፍለጋ ነው የመጣው?” ብለው ጠየቁት። ሲተረጉምልኝ “አይደለም አባባ፣ የጥንቱን ከተማ ለማየት ነው” አልኩ። ጥያቄያቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም።

የጥንት ሀብት ሲባል ቶሎ የሚታየን ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ ወርቅ ሲገኝ ሕዝቡ ከየአገሩ ጎረፈ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ከተሞች ተቆረቆሩ፣ ወርቁ ሲነጥፍ ብዙዎቹ ወና ቀሩ። በእኛም አገር ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየተጓዙ በወርቅ እንደሚለውጡ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐርላ ሰው ሠፍሮባት ነበር፤ እስከ 15ኛውም ዘልቃለች። ይህን ያህል ያኖራት ከመሬት የሚዛቅ ወርቅ ሳይሆን የእጅ ጥበብና ንግድ ነው።

የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ያገኘውን ይፋ አደረገ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኘ፤ አሠራሩ በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ካሉት ጋር ይመሳሰላል። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲሞችም ወጡ። እኔን ከሁሉ የያዘኝ ግን በቁፋሮው የተገኘው የአንጥረኞች የሥራ ቤት ነው። ብር፣ ነሐስ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ካርኔሊያን የሚባለው ቀይ ድንጋይ፣ ዛጎል፣ ሁሉም እዚያ ይሠራበት ነበር። ከአሠራሩ ስልት አንዳንዱ ከህንድ ጋር ይያያዛል። ዛጎሉ ከሩቅ ባሕር ተጭኖ ይህን ዳገት ወጥቷል ማለት ነው፤ ጌጥ ሆኖ ደግሞ ወደ ሌላ ገበያ ወርዷል። ድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው በዚሁ ግርጌ ነው፤ ባሕሩን ከደጋው የሚያገናኝ ነጋዴ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ማረፊያ ያስፈልገዋል።

ቁፋሮው የግዙፋኑን ታሪክ አላጸናም። እኔን ይህ ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ እንደ እኛው ያሉ ሰዎች ናቸው እነዚያን ድንጋዮች ያነሱት።

ወርቅ ፈላጊ አንድ ጉድጓድ በማለዳ ቆፍሮ ሲሄድ የሚያጠፋው የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ነው። ዶቃ ከተቀበረበት አፈር ከወጣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተጣለ፣ አጠገቡ ምን እንደነበረ የሚናገርለት የለም። ሸክላ ስባሪም እንዲሁ። ገበያ ላይ የረባ ዋጋ የማያወጣው ስባሪ ለሐርላ ታሪክ ከወርቅ ይበልጣል።

ወደ ሐረር የምትጓዙ ሁሉ መንገዳችሁ ላይ ናትና ሐርላ ውረዱ። የመንደሩን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ በአግባቡ ክፈሉት። የድሮ ሳንቲም ወይም ዶቃ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ ግን አትግዙ፤ ገዢ ካለ ቆፋሪ አይጠፋም። በማሳችሁ አንድ ነገር ያገኛችሁም ቦታውን ሳትነኩ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ።