ጠመንጃና ጓዳ

ቤትን ከሌባና ከወንበዴ ለመጠበቅ የትኛው መሣሪያ ይበጃል የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው ጥያቄው የሚነሣበት ቤት ነው። አያቶቻችን ጠመንጃ ሲመርጡ ዓይናቸው ያረፈው በሜዳውና በገደሉ ማዶ ላይ ነበር። የዛሬው የከተማ ሰው ግን ሊመርጥ ሲነሣ ዓይኑ ማረፍ የሚገባው በጠባብ ሳሎኑ፣ በስስ ግድግዳውና ከግድግዳው ወዲያ በተኛው ሕፃን ላይ ነው። ይህ ጸሐፊ በዚህች አጭር ጽሑፍ ሊያነሣ የወደደው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ስለ ጠመንጃ ያለን ባህላዊ ዕውቀት ሁሉ ማለት ይቻላል የተቀዳው ከሜዳው እንጂ ከጓዳው አይደለምና።

ቋንቋችንን ብቻ እንመልከት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት የግራስ ጠመንጃ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ፤ «ፉዚ ግራ» ከሚለው አጠራራቸው የተወለደ ነው። የእንግሊዞቹ ስናይደር «ሰናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር»፣ ከቤልጅግ አገር የመጣው ማውዘር ደግሞ «በልጅግ» ተባለ። ፋብሪካው ያወጣለትን ስም ሕዝቡ እንዳለ አልተቀበለም፤ እንደ ፈረሱና እንደ በሬው በራሱ አንደበት አለዝቦ ጠራው። በሠርጉ ቤት ፉከራው፣ በዘመቻው ሽለላው፣ በለቅሶው ሙሾው ያለ ጠመንጃ አይሞላም ነበር። ሠዓሊዎቻችንም ቢሆኑ እንደዚሁ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የሆነውን የአድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት ሁለት ዓይኑ እየታየ በሙሉ ፊቱ ይቆማል፤ ጠላት ግን በአንድ ጎን ፊቱ ብቻ ይሣላል። በሁለቱ መካከል የሚታየው የጠመንጃ ደን ነው። ግድግዳ የለም፣ አልጋ የለም፣ በር የለም። ጠመንጃ በጥበባችን ውስጥ ቤት ኖሮት አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቤት ሲገባም የሚሰቀለው ለጌጥና ለማዕረግ ነው።

እርግጥ ነው፣ ማዕረጉ የሁሉም አልነበረም። በፊውዳሉ ሥርዓት ነፍጥ ያነገተው ጥቂቱ ሲሆን ብዙኃኑ ገባር እህሉንና ከብቱን ከሌባ የጠበቀው በሌላ መንገድ ነው። ሌባ ሲገባ «ኡኡ!» ይባላል፤ ኡኡታውን የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ አለመውጣቱ የሚያስነቅፈውና የሚያስጠረጥረው ነበር። ሌባው ካመለጠ አገሬው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ በአውጫጭኝ ይቀመጣል። የዚህን ልማድ ክፉ ጎኑን አልደብቅም፤ ንጹሐንን አጉላልቷል፣ ለቂመኛም መሣሪያ ሆኗል። መድኃኒት ጠጥቶ በሚንገዳገድ ልጅ እግር ሌባን ፍለጋ ይኬድበት የነበረው ሌባሻይማ ቀርቶ መገላገላችን ደግ ነው። ይሁን እንጂ ከነጉድለቱ አንድ ነገር ይነግረናል። ቤት የሚጠበቀው በቤቱ ባለቤት ክንድ ብቻ ነው የሚለው አሳብ የባህላችን ዋና አሳብ አልነበረም።

አሁን ወደ ብረቱ ራሱ እንምጣ። ውጅግራ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ይዞ በጠባብ ኮሪደር መዞር ሞፈር ተሸክሞ እልፍኝ ውስጥ እንደ መዞር ነው። ምንሽር አምስት ጎራሽ ነው፤ በአንድ ጥይት አንድ ሰው መትቶ የማይቆም፣ ለሩቅ የተሠራ ብርቱ መሣሪያ ነው። ክላሽንኮቭ አጠር ያለና ለእጅ የቀለለ መሆኑ ብዙውን ሰው ያማልላል። ነገር ግን ጥይቱ በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል። የጭቃና የጭድ ምርጊት፣ የማገሩ እንጨት፣ የቆርቆሮው አጥር ለዚህ ፍጥነት መጋረጃ እንጂ ግድግዳ አይደሉም። በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ ከእንቅልፍ በባነነ እጅ የተተኮሰ ጥይት ሌባውን ቢስተው የሚያርፍበት የጎረቤት አልጋ ሊሆን ይችላል። ሽጉጥ ለጠባብ ቤት ይስማማል የሚሉ አሉ፤ መጠኑን ብቻ ካየን እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ከመሣሪያ ሁሉ ለማነጣጠር ብዙ ልምምድ የሚጠይቀው እርሱ ነው፤ በትራስ ሥር ለመደበቅ የሚቀለውን ያህልም ለሕፃን እጅ የሚቀርበው እርሱ ነው። በርሳስ ፍንጣሪ የሚተኩሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ከእነዚህ ሁሉ ለሩቅ ጎረቤት የተሻለ ምሕረት አለው፤ ርሳሱ ቶሎ ይደክማልና። ለቅርብ ሰው ግን ምሕረት የለውም።

ሕጉስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል። ፈቃድ ደግሞ ለሰው እንጂ ለቤት አይሰጥም፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ብዙው ሰው የሚያስበው ግን ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የወንጀል ሕጉ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲደነግግ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ጥቃቱ ከሕግ ውጭና የማይቀር ሆኖ የተቃረበ እንዲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል እንዲሆን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን። ቴሌቪዥን ተሸክሞ በአጥር ላይ የሚዘል ሌባ ከዚህ ሚዛን ውጭ ነው፤ ጀርባውን የሰጠን ሰው መተኮስ መከላከል አይባልም። ቀጣዩ አንቀጽ 79 ከወሰን ስላለፈ መከላከል ይናገራል፤ በድንጋጤና በፍርሃት ለሆነው ዳኛው እንዲያስተውልለት በር ይከፍታል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ሁለት አንቀጾች ሰውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው የጻፋቸው ናቸው። ችግሩ ዳኛው በቀን ብርሃን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚመዝነውን ነገር ባለቤቱ በሌሊት፣ በሁለት ሴኮንድ መመዘን የሚኖርበት መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኔ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። ባሏ የሞተባት እኅቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ዳር አዲስ በተቆረቆረ ሰፈር ትኖራለች። ባለፈው ክረምት ከእርሷ አራተኛ በሆነው ቤት ሌቦች በሌሊት ገብተው ባለቤቱን በገጀራ አቁስለው ሄዱ። ወሬው መንዝ ደረሰ፤ የእናታችን ወንድም በሳምንቱ መጡ። የአባታችን ምንሽር በስማቸው ፈቃድ ወጥቶለት እርሳቸው ዘንድ ነው የሚገኘው። ቡናው ሳይፈላ ነገሩን ጀመሩት፤ «ፈቃዱን በስሟ እናስዙርና ትያዘው፤ የአባቷ ነው» አሉ። ወታደር የነበረው የአጎታችን ልጅ ደግሞ ምንሽር ዘመኑ እንዳለፈ፣ ለሴት ልጅ ሽጉጥ እንደሚሻል አስረዳ። ሁለቱ ስለ ዓይነቱ ተከራከሩ። ክርክሩ ያማረ ነበር፤ አንዱ ከአርበኞች ዘመን፣ ሌላው ከምሽግ ምሳሌ ይጠቅሱ ነበር። ቤቱን ግን አንዳቸውም ዞረው አላዩትም ነበር።

እኅቴ ስኒውን እያቀረበች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት አይጠፋኝም» አለች። «ግን የት ላስቀምጠው? ከአልጋዬ ሥር ባደርገው ትንሹ ከእኔ በፊት ያገኘዋል። በብረት ሣጥን ብቆልፈው፣ ጥይቱንም ለብቻ ባደርገው፣ ሌባው በሩን ገንጥሎ ሲገባ እኔ በጨለማ ቁልፍ ስዳብስ ልገኝ ነው።»

ከሰማኋቸው የሕግና የመሣሪያ ትንታኔዎች ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን ከሥሩ የነካው አላጋጠመኝም። ለሌባ ዝግጁ የሆነ ጠመንጃ ለሕፃንም ዝግጁ ነው፤ ከሕፃን የተሰወረው ከባለቤቱም የተሰወረ ነው። የትኛውም ፋብሪካ፣ በየትኛውም ዓመተ ምሕረት፣ ይህን ዕንቆቅልሽ የፈታ ብረት አልሠራም። ብቻውን የሚኖር ጎልማሳ ምናልባት ሊያመቻምቸው ይችላል። ሦስት ልጆች ያሏት እናት ግን አትችልም፤ ለእርሷ የዓይነት ምርጫ ገና ሳይጀመር አልቋል።

አጎቴ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ባዶ እጅሽን ልትቀመጪ ነው?» አሏት። ይህን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀር አሳብ ቆጥሮ ማለፍ ለእኛ ለተማርነው ይቀናናል። አይገባም። ፖሊስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይቆስላል፣ ይሞታልም። መሣሪያ አትያዝ የሚል ሁሉ ታዲያ በምን ትጠበቅ ለሚለው መልስ ማዘጋጀት አለበት። ያ ቤተሰብ በገጀራ ሲደበደብ ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች በኋላ እንደ ተናገሩት መብራታቸውን አብርተው ነበር፤ በራቸውን ግን አልከፈቱም። ማን እንደሚጮኽ አላወቁም። በዚያ ሰፈር ግንቡ ከፍ ያለ ነው፤ በግንቡ ጫፍ ላይ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ያብለጨልጫል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በመኪናው ቀለም ነው። ኡኡታ ለሚያውቁት ሰው እንጂ ለማያውቁት አይወጣለትም።

እኅቴ በማግሥቱ ያደረገችው ነገር ከክርክራችን ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ትልቋን ልጇን አስከትላ በሩን ሁሉ እያንኳኳች ዐሥራ አንድ ቤት ዞረች። ሁለቱ አልከፈቱላትም። ዘጠኙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጡ መጡ፤ ከእነርሱ መካከል የቆሰለው ሰው ሚስት ነበረች። ገንዘብ አዋጥተው የሌሊት ጥበቃ ቀጠሩ። ጥበቃው የያዘው ዱላ፣ ባትሪና ፊሽካ ነው፤ ፊሽካው በየቤቱም ተሰቅሏል። አንዴ ሲነፋ ሁሉም የደጁን መብራት እንዲያበራ፣ ሁለቴ ሲነፋ ወንዶቹም ሴቶቹም እንዲወጡ ተስማሙ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ተነፋ። ሁለቱ ሐሰት ነበር፤ በሦስተኛው አጥር ላይ የወጡ ሁለት ሰዎች ዘለው ሸሹ። ከዘጠኙ ቤት ስንቱ እንደ ወጣ ስጠይቃት «ስድስት» አለችኝ፤ ያልወጡትን ሦስቱንም በስም ታውቃቸዋለች።

አጎቴ ምንሽሩን እንደ ያዙት ቀሩ። ወደ መንዝ ከመመለሳቸው በፊት ግን ያን ቀን ያላዩትን ቤት ዞረው አዩት። የጓዳውን በር ገፋ አድርገው አንቀጫቀጩት፤ የቻይናውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ናቁት። ከዚያም ሰፈር ውስጥ አናጢ ፈልገው ከወይራ እንጨት መወርወሪያ አስጠረቡ። ልኩን የወሰዱት በሜትር አልነበረም፤ በክንዳቸው ለክተው ነበር፤ ትንሹም ልጅ አጠገባቸው ቆሞ በራሱ ክንድ ይለካ ነበር።