«ፈርመህ ነው የመጣኸው?»

ስብሰባ ሲባል እንደኔ ማዛጋት የሚቀናችሁ ካላችሁ እስቲ ይህችን ጉዴን አንብቡልኝ። ሰው በታክሲ ፌርማታ ምክንያት ከፍቅረኛው ጋር ይጣላል? እኔ ተጣልቻለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ፌርማታ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ተነስቶ ከድልድዩ ማዶ ሊሄድ ነው ተባለ። ነዋሪው ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስቦ ይወያይበት የሚል ወረቀትም ተለጠፈ። የኔዋ የማታ ተማሪ ናት፤ ከታክሲ የምትወርደው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አላት። «አደራህን! ድልድዩ ጋ መብራት እንደሌለ ተናገር» አለችኝ። «ለሱ አታስቢ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። የመጡትም አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። መዝገብ ዞረ፣ ፈረምኩ። ለስላሳ ታደለ፣ ጠጣሁ። ሰብሳቢው ስለ መንገድ መጨናነቅ ሲያብራራ ሰዓቴን አየሁ… ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ነበረኝ! በጓሮ በር ውልቅ። ማታ ስትጠይቀኝ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ተናግሬያለሁ፣ ይታሰብበታል ብለዋል!»

ፌርማታው በሳምንቱ ተነሳ። ወር ሳይሞላው ድልድዩ ላይ ቦርሳዋን ነጠቋት። ጉልበቷ ተላልጦ፣ ደብተሯ ጭቃ ነክቶት አገኘኋት። በማግስቱ አቤቱታ ይዘን ስንሄድ ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ «ነዋሪው ተወያይቶ የተስማማበት ነው» አለን። ጣቱ ያረፈው የት መሰላችሁ? ፊርማዬ ላይ! እሷ አልጮኸችም። «ፈርመህ ነው የመጣኸው?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝም።

በ2003 ዓ.ም. ሚኒባሶች በቀጠና ተመድበው ታፔላ ሲለጥፉ ተማርረናል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር፣ ሐዲዱ መሐል መንገዱን ይዞ ማቋረጫው በብዙ ቦታ ራቀብን ብለንም ተማርረናል። ማማረርማ ማን ብሎን! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ግን ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ፤ እኔ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ!

ስንታረቅ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል። «ተቸገርን» ብሎ መጮህ ብቻውን እንደማይሠራ ገብቶናል። ሦስት ምሽት ፌርማታው ጋ ቆመን ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚወርዱትን ቆጠርን፦ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ተማሪ፣ ድልድዩን ለመሻገር ስንት ደቂቃ። ረዳቶቹ ራሳቸው ቦታው እንደማይመቻቸው ነገሩን፤ ለካ እነሱንም የጠየቃቸው የለም! ሁሉንም በጽሑፍ አድርገን አስገባን። በቀሪው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመትተን ያዝን፤ ይህቺን አትርሱ፣ «ምንም አልደረሰንም» እንዳይመጣ።

በሁለተኛው ስብሰባ ተነስታ የተናገረችው እሷ ናት። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቁጥሮቹን ስታነብ ግን ጸና። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህን እኛም አላሰብነውም» አሏት። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ለስላሳውን ሳልነካ።

አሁን ድልድዩ ጋ ሁለት መብራት ተተክሏል። ፌርማታው ግን አልተመለሰም፤ እየተጠና ነው ተብለናል። እስከዚያው ማታ ማታ እየሄድኩ እቀበላታለሁ። አንድ ነገር ጨረስኩልሽ ባልኳት ቁጥር ታዲያ ትስቅና «የት ፈረምክ?» ትለኛለች።