ድሮግባ ስንለው የነበረው ልጅ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን እልከዋለሁ፤ ስድብም ካለ እቀበላለሁ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ትንሽ ድርጅት አለችኝ። የጽሕፈት መሣሪያና የቢሮ ዕቃ እናስመጣለን፣ እናከፋፍላለን። መጋዘናችን ጎሮ ነው። 2011 ላይ አንድ ወጣት በሽያጭ ሠራተኛነት ቀጠርኩ። ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ፣ አካውንቲንግ የተማረ፣ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚጽፍ ልጅ። በገባ በሳምንቱ ቢሮው «ድሮግባ» የሚል ስም አወጣለት። እሱም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። እኔ እንዲያውም ሠራተኞቼ ምን ያህል እንደሚግባቡ ለሰው ስናገር ይህንኑ እንደ ምሳሌ አነሳው ነበር።

አንድ ቀን ትልቅ ደንበኛችን ደወለ። ሰላምታ እንኳን ሳንጨርስ «ስማ፣ ያንን ጥቁሩን ልጅ አትላክብኝ፤ ሠራተኞቼ ሲስቁ ነው የሚውሉት» አለኝ። ምን ብዬ መለስኩ? «ችግር የለም፣ ሌላ ሰው እልካለሁ።» ስልኩን ዘግቼ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። ጥቂት ቀን ቆይቼ ልጁን ጠራሁትና «መጋዘኑ ታማኝ ሰው ይፈልጋል፣ አንተን አሰብኩ» አልኩት። ደሞዙን አልነካሁም። ኮሚሽኑ ግን ቀረ፤ ሽያጭ ላይ ለሚሠራ ሰው ኮሚሽን ማለት የቤት ኪራዩ ነው።

ግንቦት 2012 ጆርጅ ፍሎይድ በአሜሪካ ፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት ፌስቡካቸው ላይ ጥቁር ምስል ከለጠፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ልጁን ወደ ጎሮ የላክሁት ከዚያ በዓመቱ ነው። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። እኛ አገር «ዘረኛ» ሲባል ወዲያው የሚመጣብን የብሔር ፖለቲካ ነው። ካድሬው፣ አክቲቪስቱ፣ ብቻ ሌላ ሰው። የቆዳ ቀለም ነገር የፈረንጅ ጣጣ ነው ብለን ዘግተነዋል። አድዋ ላይ ያሸነፍን፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆንን ሰዎች በጥቁረት እንዴት እናዳላለን? ግን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰውን በመልኩ የምንደረድረው እኛው ነን። ከደቡብና ከምዕራብ ጠረፍ ሰው ሲታፈን፣ ሲሸጥ የኖረውም በዚሁ አገር ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው አዋጅ ግን የወጣው ነሐሴ 1934 ነው። ሩቅ አይደለም፣ የአያቶቻችን ዘመን ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬም ታክሲ ውስጥ በቀልድ መልክ ይወረወራል።

ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀቀ። ደብዳቤው ላይ «በግል ምክንያት» ብሎ ጻፈ፤ ፋይሉ ተዘጋ። ያ ትልቅ ደንበኛ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ዋጋ ወደ ቀነሰለት ሌላ አስመጪ ሄደ። ያኔ ነገሩ ይበላኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ደንበኛው ባይሄድ ኖሮ ይበላኝ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ደወልኩለት። ገርጂ አንድ ካፌ ተገናኘን። ይቅርታ ልጠይቀው ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ስልክ ሰምቻለሁ። የቢሮዎ በር ክፍት ነበር፣ ስፒከር ላይ ነበር የሚያወሩት። ምን እንደሚመልሱለት ቆሜ ጠበቅኩ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እሱ ነው ያወራው። የሕንፃችን ጥበቃ በየቀኑ መታወቂያ ይጠይቀው እንደነበር፣ ከውጭ የመጣ ፈረንጅ ዕቃ አቅራቢ ግን ባጁን ሳያሳይ በሰላምታ እንደሚያልፍ። ሰው በእንግሊዝኛ እያናገረው በአማርኛ ሲመልስ «ውይ፣ አማርኛ ትችላለህ!» እንደሚባል። ቤት ሲፈልግ ደላላው የውጭ አገር ዜጋ መስሎት የጠራበትን ዋጋ። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፤ «ሁለት ዓመት ተኩል ‹የጋምቤላው ልጅ› ስትሉኝ አኙዋ ልሁን ኑዌር የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።» እኔም አልጠየቅኩም ነበር። እዚያው ተቀምጬ ያን ጊዜ መጠየቅም አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። አንድ ቅዳሜ ቡና አስፈላሁና ሁሉንም ሰበሰብኩ። አማካሪ አልጠራሁም፣ ፓወር ፖይንትም አልነበረም። ደንበኛው ያለኝንና የመለስኩለትን እንዳለ ነገርኳቸው። ጸጥ አሉ። ቀድሞ የተናገረው ምክትሌ ነው፤ «ፖለቲካ ወደ ቢሮ ባታስገባብን ጥሩ ነው።» አልፈረድኩበትም። ባለፉት ዓመታት ሰው በስሙና በአነጋገሩ ምክንያት ምን እንደደረሰበት አይተናል፤ ዝም ያለ ሰው ተርፏል።

ቀጥሎ ግን ጥበቃችን እጁን አወጣ። ከወላይታ የመጣ ሰው ነው። አነጋገሩን እያስመሰሉ ሲያሾፉበት ስምንት ዓመት እንደኖረ ተናገረ። ከዚያ ወደ መሬት እያየ «ያንን ልጅ መታወቂያ ስጠይቀው እኔም ከእኔ በታች ያለ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነው» አለ። ከሒሳብ ክፍል አንዷ «እዚህ ቤት የሚቀጠረው ሁሉ በሰው ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። ሰኞ ፋይሎቹን አውጥቼ ቆጠርኩ። ከመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቅጥሮች ስምንቱ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ» በሚል ስልክ የገቡ ናቸው። ማንም «የእኔን ብሔር ብቻ ቅጠር» አላለኝም። ማለትም አላስፈለገም፤ ሰው የሚያውቀው አብሮት ያደገውን ነው።

አሁን ማስታወቂያ በይፋ እናወጣለን። ጸሐፊያችን በማመልከቻው ላይ ያለውን ስም በቁጥር ትተካለች፤ እኛ አገር የአመልካቹ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ሲደረደር አገሩንም ሃይማኖቱንም ይናገራላ። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ስም በኋላ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ማለት ክልክል ነው። ክልከላውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ የጠየቅኩትም እኔ ነኝ። አፍ ለምዷል።

ሕጉማ ድሮም ነበረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 25 ላይ ዘርንና ቀለምን በስም ጠቅሶ እኩልነትን ይደነግጋል። አዋጁ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የምገልጠው የዓመት ፈቃድና የሥራ ስንብት ክፍያ ለማስላት ነበር።

ልጁን በሽያጭ ኃላፊነት እንዲመለስ ጠይቄው ነበር። አመስግኖኝ እምቢ አለ። አሁን ሌላ ቤት ነው የሚሠራው፤ በበዓል እንደዋወላለን።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ደንበኛ የምትሄድለትን የሽያጭ ሠራተኛ ሙሉ ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ሌላ ሰው የላችሁም?» አለ። «የምትመጣው እሷ ናት» አልኩት። «እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ። ትዕዛዙ እስካሁን አልመጣም፤ ምክትሌ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል።