ከባድ ማርሽ

በ1989 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የመምህር ደሞዝ የት ድረስ እንደሚያደርስ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ መኪና አነዳድና አያያዝ የተጻፈ ስድሳ ገጽ ያህል ጽሑፍ ይዞ መጥቶ ወደ አማርኛ መልስልኝ ሲለኝ ሳላንገራግር ተቀበልኩ። መኪና ነድቼ አላውቅም። ቢሆንም ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፣ መዝገበ ቃላትም አለኝ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንደ ውሃ ወረዱልኝ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፤ ጣሊያን የጭነት መኪናውን ሲያመጣ ስሙንም አብሮ ስላራገፈልን ተርጓሚ የሚደክምበት ነገር የለም። እነዚህ ቃላት በአገራቸው ሥዕል ናቸው። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው፤ በድሮ መኪኖች ላይ መታጠፊያውን የሚያሳየው መብራት ሳይሆን ከጎን ብቅ የሚል ክንድ ነበር። ኮሎዶካም የዝይ አንገት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሥዕሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀረ። ግን ማንም አይሳሳትም፤ አንዱ ስም አንዱን ብረት ብቻ ይጠራልና። ፋሻ ብቻ ሁለት ቤት አለው፤ ሐኪም ቤት ቁስል ይጠቀለልበታል፣ ጋራዥ ውስጥ ፒስተን ይታጠቀዋል።

መከራዬ የመጣው ከባዕድ ቃል ሳይሆን ማንም ተማሪ ከሚያውቀው ቃል ነው። እንግሊዞች ለመኪናቸው ስም ሲያወጡ ከጓዳና ከሜዳ መዋስ ይወዳሉ። “ፕሌይ” የሚል አገኘሁና “የፍሪሲዮን ፔዳል መጠነኛ ጨዋታ ሊኖረው ይገባል” ብዬ ጻፍኩ። “ብሊድ” የሚለውን ደግሞ፣ ትንሽ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ “ፍሬኑን ማድማት” አልኩት።

ደግነቱ ቅር ማለቴ ወደ ጋራዥ ወሰደኝ። ወደ ወረታ መውጫ ካለ አንድ ጋራዥ ሄጄ ለመካኒኩ አነበብኩለት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

“ፍሬን ይታገማል እንዴ መምህር? ዋግምት ሊይዙለት ነው?”

ከዚያ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ሥር አስገብቶ አሳየኝ። የፍሬን ዘይት በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ከጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ብሎን ያላላታል፤ አረፋው እስኪያልቅ ይደጋግሙታል። ለእነሱ ይኸ “አየር ማስወጣት” ነው። “ጨዋታ” ያልኩትም ፔዳሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በባዶው የሚሄዳት ነጻ መንገድ ሆና ተገኘች።

አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር በርሜል ላይ ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። “እስቲ ስለ ቁልቁለት ያለውን አንብብልኝ” አሉኝ። በኩራት አነበብኩ፦ “ረጅም ቁልቁለት ሲያጋጥም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል።”

ዝም አሉ። “ዝቅተኛ የምትለው የትኛውን ነው?”

“አንደኛና ሁለተኛን ነዋ፣ ጋሼ። አንቱ ምን ይሉታል?”

“እሱንማ ከባድ ማርሽ ነው የምንለው። ዝቅተኛ ያልከው ልጅ ጉልበቱ ዝቅ ያለውን ነው የሚያስገባ፤ ቀላሉን፣ አራተኛውን። በአራተኛ እስከ ዓለም በር ይወርድ መስሎሃል?”

ደነገጥኩ። እንግሊዝኛው ማርሽን የሚሰይመው በቁጥሩና በፍጥነቱ ነው፤ የእኛ ሾፌር ደግሞ በሚያነሣው ሸክም። የአንዱ ዝቅተኛ የሌላው ከባድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቃል በቃል ሲተረጎሙ ግን ተገለበጡ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የፎገራ ሜዳ 1,800 ግድም። መኪና ያን ሁሉ ከፍታ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ይወርደዋል። በከባድ ማርሽ ከሆነ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበት፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። በቀላል ማርሽ ከሆነ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ መያዝ ይተዋል፣ ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የኔ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው እንከን አልነበረውም።

ሽማግሌው በእጃቸው ወደ ጋፋት አቅጣጫ አመለከቱ። “ሴባስቶፖልን በምን ያወረዷት ይመስልሃል?” አሉኝ። ሰባት ቶን ግድም ትመዝናለች የምትባለው መድፍ ጋፋት ላይ ተሠርታ፣ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥታ መቅደላ የደረሰችው መጋቢት ላይ ነው። በዳገቱ ወደ ፊት ይጎትቷታል፤ በቁልቁለቱ ደግሞ እንዳታመልጣቸው ወደ ኋላ ይይዟታል። “እሷንም በከባድ ነው” አሉ ሽማግሌው።

ቤት ተመልሼ “ሎው” የሚለውን ቃል ባየሁበት ሁሉ ማስመር ጀመርኩ። ስለ መብራት ሲሆን አጭር መብራት ነው። ስለ ዘይት ሲሆን የጎደለ፣ ስለ ጎማ ሲሆን ንፋስ ያነሰው፣ ስለ ማርሽ ሲሆን ከባድ። አራቱንም “ዝቅተኛ” ብያቸው ነበር፤ እንዲያውም ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ መያዝ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

አሠሪዬ ግን አልወደደውም። “ከባድ ማርሽ የሾፌር አማርኛ ነው፤ በመጽሐፍ አይገባም” አለኝ። መጽሐፉ ለማን እንደሆነ ብጠይቀው “ለሾፌር” አለ። ተከራክረን የተስማማን መስሎኝ ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን “ዝቅተኛ” ተመልሶ ገብቷል። ገንዘቤን ከተቀበልኩ በኋላ የቀሩትን ቅጂዎች ለምኜ ቤቴ ወሰድኩና ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን በእስክሪብቶ ሰርዤ “ከባድ (1ኛ ወይም 2ኛ)” እያልኩ ጻፍኩባት። ቀድመው የተሸጡት ስንት እንደነበሩና ማን እጅ እንደገቡ አላውቅም። ለዓመታት አውቶቡስ ተሳፍሬ ያን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ዐይኔ ከሾፌሩ ቀኝ እጅ አይነቀልም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የወንድሜ ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ባለፈው በጋ ይዞኝ ወደ ወረታ ወረደ። እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሲያነሣ መኪናዋ በራሷ ወደ ኋላ ያዝ አደረገች። ሞተሯ እንደ ዲናሞ እየሆነ ቁልቁለቱን ለባትሪዋ ታጠራቅመዋለች።

“በከባድ ማርሽ ነህ?” አልኩት እንደ ልማዴ።

“ጋሼ፣ የምቀይረው ማርሽ እኮ የላትም።”

“ታዲያ ይኸ አያያዟ ምን ይባላል?”

የእንግሊዝኛውን ነገረኝ። በሁለት ቃል ተርጉሜ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ሳቁን ዋጠ። ወረታ ስንደርስ ጋራዥ ፊት ለፊት እንዲያቆምልኝ ጠየቅሁት።