ድልድይ የሚተከልበት አገር

እንግዳ ቦታ ፍለጋ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችውን ለማየት ነው፤ የሚነድ ጉድጓድ፣ ቀለሙ የተለየ ሐይቅ፣ በረሃ መካከል የቆመ ቋጥኝ። እኔን ረጅም መንገድ የሚያስኬደኝ ሌላ ነው። ለእንግዳው ጉድ የሆነው ነገር ለባላገሩ የዘወትር ኑሮ የሆነበትን ስፍራ እወዳለሁ። የካሲ ሕዝብ በሚኖርበት በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በሜጋላያ ግዛት፣ ወንዝ የሚሻገሩበትን ድልድይ ችግኝ ተክለው ያሳድጉታል። ይህን ሰምቼ መቅረት አልቻልኩም።

ከዴልሂ ጉዋሃቲ በአውሮፕላን፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ በመኪና፣ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሺሎንግ። ከሺሎንግ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሲነዳ አምባው ድንገት ያልቃል። ጫፉ ላይ ያለችው ከተማ በካርታ ቼራፑንጂ ትባላለች፤ ነዋሪዎቿ ግን ሶህራ ነው የሚሏት። ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩ የባንግላዴሽ ሜዳ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሳው እርጥብ ነፋስ ያን ሜዳ ያለ አንዳች እንቅፋት አቋርጦ ይመጣና ከዚህ ገደል ጋር ይላተማል፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ሁሉ እዚሁ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1860 እስከ ሐምሌ 1861 ሶህራ ላይ 26,461 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዷል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከዚያ የበለጠ ዝናብ የትም አልተመዘገበም። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ለማመን ያስቸግራል። የሚያሳዝነው ግን ውኃው በገደሉ ተንደርድሮ ወደ ሜዳው ስለሚወርድ፣ በበጋ ወራት የሶህራ ሰዎች ለመጠጥ ውኃ ይቸገራሉ።

ድልድዮቹ ያሉት ከአምባው በታች፣ በሸለቆዎቹ ውስጥ ነው። ቲርና ከምትባለው መንደር ወደ ኖንግሪያት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 በላይ የደረጃ እርከን አለው። ጉልበት ይፈትናል። በመንገዱ ላይ የሽቦ ድልድዮችም አሉ፤ ሲረገጡ ይወዛወዛሉ፣ ከሥር ወንዙ በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ይጮኻል። እርጥበቱ ብረትን ያዝጋል፣ እንጨትን ያበሰብሳል። የካሲ አባቶች ይህን ስለሚያውቁ፣ እርጥበት ይበልጥ የሚያፋፋውን ነገር መረጡ።

የመረጡትን ዛፍ የአዲስ አበባ ሰው ሳያውቀው አይቀርም። በሆቴልና በቢሮ መግቢያ ላይ በአበባ ማስቀመጫ ተተክሎ የሚታየው፣ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቀው ተክል እሱ ነው። የሾላና የዋርካ የቅርብ ዘመድ ነው። በአገሩ፣ በሜጋላያ ሸለቆ፣ ትልቅ ዛፍ ይሆንና ከግንዱና ከቅርንጫፎቹ አየር ላይ የሚንጠለጠሉ ሥሮች ያወጣል። ካሲዎች ዛፉን ወንዝ ዳር ይተክሉታል። የአየር ሥሮቹ ሲበቅሉ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ወይም ውስጡ በተፈለፈለ የአሬካ ዘንባባ ግንድ ውስጥ አስገብተው ወደ ማዶ ይመሯቸዋል። ሥሩ ማዶ ሲደርስ መሬት ይገባል፣ ይወፍራል፣ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቀጫጭኖቹን ሥሮች በእጅ እየጠመዘዙ፣ እያቆላለፉ፣ መደገፊያ ያበጁባቸዋል። ሥርና ሥር ተነካክቶ ሲቆይ ይጣበቅና አንድ አካል ይሆናል። ክፍተቱን በድንጋይ ይሞሉታል። ሰው ሳይሰጋ የሚሻገርበት እስኪሆን 15 ዓመት፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ይፈጃል። በእንክብካቤ ከተያዘ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይኖራል።

በኖንግሪያት ያለው ታዋቂው ድልድይ ባለ ሁለት ደርብ ነው። ወንዙ ሲሞላ የታችኛውን ስለሚያስፈራራው፣ ከዚያው ዛፍ በላዩ ሌላ አሳደጉ። የመንደሩ ሰዎች ዕድሜው ከ200 ዓመት ይበልጣል ይላሉ። ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። እንደ ሽቦው አይወዛወዝም፤ መሬት የረገጡ ያህል ነው። መደገፊያውን ስይዘው እርጥብ ነበር፣ ጫፉ ላይም አዲስ ቀይ ለጋ ሥር ወጥቶ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሲረገጥ የኖረ ነገር ዛሬም እያቆጠቆጠ መሆኑ ልቤን ነካው።

ሄንሪ ዩል የተባለ የብሪታኒያ መኮንን ስለነዚህ ድልድዮች እ.ኤ.አ. በ1844 ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ 74 ድልድዮችን መዝግቧል፤ ሥሮቹ ሸክም ሲበዛባቸው እየወፈሩ ራሳቸውን እንደሚያጠነክሩም ያስረዳል። ሳይንሱ ደስ ይላል። እኔ ግን ከመንገድ መሪዬ፣ በዚያው በኖንግሪያት ከተወለደው ወጣት፣ ያየሁት ይበልጥብኛል። ከዋናው መንገድ ወጣ አድርጎ ገና ልጅ የሆነ ድልድይ አሳየኝ፤ ከጣት የማይበልጡ ሥሮች በቀርከሃ ላይ ተጋድመዋል። ቦርሳውን ሳያወርድ ጎንበስ አለና አንዷ አምልጣ ወደ ታች የተንጠለጠለችውን ሥር ከሌሎቹ ጋር አቆላልፎ መንገዱን ቀጠለ። «ያለፈ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል» አለኝ። ዛፉን የተከሉት አያቱና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አንዳቸውም አልተሻገሩበትም። እኛ ዛሬ ተመርቆ ዛሬ እንዲከፈት የምንፈልገውን ድልድይ እነዚህ ሰዎች ስማቸው ሳይጻፍበት፣ ሪባን ሳይቆረጥለት ለልጅ ልጅ ይተክሉታል። ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣኔ አላየሁም።

ያደርኩት አንዲት እናት በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ሁሉም በአክብሮት «ኮንግ» እያለ ይጠራቸዋል። በካሲ ዘንድ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው፣ ቤቱንም የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት። ኮንግ የአሬካ ፍሬ ከኖራና ከቅጠል ጋር ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ክዋይ ይባላል፣ እንግዳ ያለ እሱ አይቀበሉም። ድሮ የመንገድ ርቀት የሚለካው እስኪደረስ በሚታኘከው ክዋይ ብዛት ነበር። ግድግዳው ላይ ከቀርከሃና ከቅጠል የተሠራ ክኑፕ ተሰቅሏል፤ ከራስ እስከ ወገብ የሚሸፍን፣ ጎንበስ ብለው ማሳ ላይ እየሠሩ የሚለብሱት፣ የኛን አገር ገሳ ይመስላል።

ኮንግ እንደነገሩኝ አሬካውን፣ ቅጠሉንና ማሩን ገበያ የሚያደርሱት በነዚህ ድልድዮች ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙን በእግር መሻገር የማይታሰብ ነው። አሁን ደግሞ በጎብኚ ገንዘብ ቤተሰብ ይተዳደራል፣ ያረጁትም ይጠገናሉ። ህንድ ድልድዮቹን እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ አስገብታለች። ፎቶ ለመነሳት ብቻ ወርዶ በዚያው ቀን የሚመለሰው ሕዝብ ብዛት ግን ያሳስበኛል። የዛፉ ሥር ሕይወት አለው፤ ሃያና ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ሲዘልበት ይጎዳል። መሄድ የሚፈልግ ሰው መንደሩ ውስጥ ቢያድር፣ መንገድ መሪ ከመንደሩ ቢቀጥር፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ቢሄድ እመክራለሁ።

ራንግቲሊያንግ በሚባል ሌላ መንደር ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝም የሥር ድልድይ አለ፤ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ነው። ጥልቅ ገደል ላይ የተዘረጋ ስለሆነ እዚያ ለመድረስ ሌላ ጉዞ ይጠይቃል። የመንገድ መሪዬ ዘመዶች እዚያ አሉት፤ በሚቀጥለው በጋ አብረን ልንወርድ ተቃጥረናል።