ከሳንሱሲ እስከ ወንዙ ማዶ



እሑድ ከሰዓት በኋላ ጭቃ እስከ ጉልበታችን ተለጥፎብን ስንመለስ ያያችሁን ሰዎች ብዙ ብላችኋል። አንዳንዱ «እርሻ ጀምረው ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ምን ሥራ አላቸው፣ ይዙሩ እንጂ» ብሎናል። አንድ መምህራችን እንኳ የፈተና ወረቀት ሲመልሱልን «ፔዳል የምትረግጡትን ያህል መጽሐፍ ብትገልጡ ኖሮ» ብለው ክፍሉን አስቀውብናል። ስለዚህ ነገሩን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ከነምክንያቱ ለማስረዳት ተነሣን።

እኛ ሁለት ነን። ሳንሱሲ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንደኛችን በኦሮምኛ አፉን የፈታ ነው፤ ሌላችን ደግሞ ቁጥር ካልቆጠረ እንቅልፍ የማይወስደው። አንዱ ብስክሌት የአጎት ነው፤ ሁለተኛውን በክረምት የቀን ሥራ ሠርተን ባጠራቀምነው ገንዘብ አሮጌ ገዛን። ከስድስቱ ማርሽ የሚሠራው ሦስቱ ነው። ፍሬኑም፣ ያው፣ ፍሬን አለው እንበል።

ከሳንሱሲ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሡ የአምቦ መንገድ ገና በደንብ አልነቃም። ታክሲው ተራውን ሳይዝ፣ የጭነት መኪናውም ሳይበዛ ቡራዩን (ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለለችውን) አልፎ ወደ ገፈርሳ መውጣት ነው። ዳገቱ ለዓይን አይታይም፤ ጉልበት ግን ያውቀዋል። ገፈርሳ ሲደርሱ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ግድብ በስተቀኝም በስተግራም ባሕር ዛፍ ከቦት ጭጋግ ለብሶ ይተኛል። ዕድለኛ የሆነ ሰው ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውን ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን ዝይ ሣሩ ላይ ሲግጥ ያያል። እኛ ሁለት ጊዜ አይተናል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወደ ሰሜን ማየት ነው። የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወዲህ የወረደው ግን በአቃቂም በሆለታም ዞሮ ዞሮ አዋሽ ነው። በመጽሐፍ ስናጠናው ፈተና ነበር። ብስክሌት ላይ ሆነው ሲያዩት ግን ጣሪያ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።

ከገፈርሳ ወዲያ በመናገሻ አድርጎ ወደ ሆለታ ቁልቁለቱ ይበዛል። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት። አንድ ጊዜ ደግሞ ጉልበታችን አታሎን ከመሐል አዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ ዓለም ዘልቀናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ሳለ፣ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣብን፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ጽጋቡ ግርማይ አወራን። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። ይህን እያወራን መኝታችን የደረስነው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ዕለት መቀመጥ አቅቶን ቆመን ነው ያስተማርነው።

አዎን፣ ያስተማርነው። የማስተማር ልምምድ ላይ ነበርን። የተመደብንበት ትምህርት ቤት ከሳንሱሲ ወደ ምዕራብ ወጣ ይላል፤ ስሙ ይቅር። አምስተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ «አርፋጅ» ብለን መዝግበናታል። ደንቡ አርፋጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ውጭ ቆሞ ያሳልፍ ይላል፤ እኛም ደንብ አክባሪዎች ነን። ለምን አረፈድሽ ስንላት «ወንዝ» ትላለች። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆኖ ሲታይ አስፋልት፣ ሱቅ፣ የመብራት እንጨት እንጂ ወንዝ የሚባል ነገር የለም። በስድስተኛው ጊዜ ይመስለናል፣ «ሁልጊዜ ወንዝ! ሌላ ምክንያት አጣሽ?» አልናት። ልጆቹ ሳቁ። እኛም ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ የአስፋልቱ ጭስ ስለሰለቸን ወደ ግራ ተገንጥለን በወጨጫ ተራራ ሥር የሚያልፈውን ኮረኮንች ያዝን። ከመንገዶቻችን ሁሉ የምንወደው እሱን ነው። መኪና የለበትም። አደይ አበባው ሁለቱንም ዳር ይዞታል፤ ገብሱ ራሱን መስደድ ጀምሯል። አህያ የሚነዱ አንድ አባት «አከም ቡልተን» ሲሉን «ነጋ» ብለን አለፍን። ኮረኮንቹ አልቆ የእግር መንገድ ሆነ፤ የእግር መንገዱም ወርዶ ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ገባና ከውኃ ዳር ቆመ። ከተራራው የሚወርድ ጅረት ነው፤ ሄዶ ከትንሹ አቃቂ ይቀላቀላል። ድልድይ የለውም። ውኃው ደፍርሶ እየተንደረደረ ይወርዳል።

ብስክሌቶቻችንን ተሸክመን ልንገባ ስንል ከማዶ «ቲቸር! በዚያ አይሆንም፣ ጉድጓድ አለው!» የሚል ድምፅ ሰማን። እሷ ናት። ከእናቷ ጋር ልብስ ታጥባለች።

መጥታ አሻገረችን። ውኃው እኛን ጭናችን ድረስ፣ እሷን ወገቧ ድረስ ነው የሚመጣው። የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው እንደማይነቃነቅ እግሯ ያውቃል። በትምህርት ቀን እንዴት ነው የምታደርጊው አልናት። መጀመሪያ ደብተሮቹን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ታሻግራለች፤ ትመለሳለች፤ ከዚያ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ትሻገራለች። ወንድሟ አንደኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ሲደርሱም እሱን ክፍሉ አስገብታ ነው ወደ እኛ የምትመጣው።

እናቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጨበጡን። ንፍሮ አቀረቡልን። ኋላ፣ «መምህሮቿ ካላችሁማ ደግ፤ ለመሆኑ ልጄ በሒሳብ እንዴት ናት?» አሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። የሚያስተምረውም ከሁለታችን አንዱ ነው። ዘጠኝ ቀን ሒሳቡን ውጭ ቆማ ነው ያሳለፈችው። «ጎበዝ ናት» አልናቸው። ልጅቷ ወደ ውኃው አየች።

ስንመለስ ብስክሌቱ ላይ አልወጣንም። በአንዱ ጎማ ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንና ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እየገፋን ዙሩን ቆጠርን። ጎማው አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ውሻ አባሮን ቁጥሩ ስለጠፋን ከግራሩ ሥር ተመልሰን ጀመርን። 2,940 ዙር ሆነ። በሒሳብ 6 ኪሎ ሜትር ከ174 ሜትር ማለት ነው። ግማሹ ዳገት ነው። እኛ ብስክሌት እየገፋን ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ እሷ ወንድሟን ይዛ በስንት እንደምትደርስ እናንተ አስሉት። ደወሉ 2 ሰዓት ላይ ነው።

ሰኞ ወረቀቱን ይዘን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባን። እውነቱን ለመናገር እንደ ጀግና ነበር የገባነው። አነበቡትና «ልጆቼ፣ ከዚያ ወገን የሚመጡት ሃያ ይሆናሉ። ለአንዷ በሩን ከከፈትኩ ለአስፋልት ዳሮቹም መክፈቴ ነው» አሉን። እኛም መልስ አልነበረንም፤ አሁንም ቢሆን የለንም። የተቻለን ነገር ቢኖር የአማርኛውን መምህር ለምነን ሒሳቡን ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ማዛወር ነበር። አማርኛውን ያመልጣታል ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ደብተር አስገለበጥናት። ልምምዳችን እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በነዚያ ሁለት ሳምንታትም አራት ጊዜ ውጭ ቆማለች። መዝገቡ ላይ «አርፋጅ» ብለን ጽፈናል፤ ከጎኑ ግን በትንሹ «6 ኪ.ሜ. እና ወንዝ» ብለናል። ሊያነበው የሚፈልግ ካለ አለ።

በጥቅምት አጋማሽ ስንሄድ ውኃው ጉልበት ድረስ ወርዶ ነበር። የዚያ ክፍል መዝገብ ላይ ሌሎች አራት አርፋጆች አሉ፤ መንገዳቸውን ገና አልለካንም። አንዱ ከገፈርሳ በላይ ነው አሉን። ስለዚህ የሚመጣው እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ሳንሱሲ አስፋልቱ ዳር እንገናኝ። ብስክሌት ያለው ካላማዳሪና ማስቲሽ ይያዝ። የሌለውም ይምጣ፤ ዙር የሚቆጥር ሰው ያስፈልገናል።